አበበን ሳታነሱ አንድ የድሮ ስፖርተኛ አንሱ

ጥያቄዬ አጭር ናት። ከድሮ ስፖርተኞች መካከል ስሙ ሊነሳ ሲገባው የማይነሳ ማን አለ? ሩጫ ይሁን፣ ኳስ ይሁን፣ ቦክስ ይሁን፣ ተኩስም ቢሆን ግድ የለኝም። አንድ ሕግ ብቻ አለችኝ። አበበ ቢቂላ፣ ፔሌ፣ መሐመድ አሊና ኃይሌ ገብረሥላሴ አይቆጠሩም። እነሱን ማንም አልረሳቸውም፤ ለዛሬ ቦታውን ይልቀቁ።

ነገሩ የመጣብኝ ከአንድ ወጣት ሯጭ ጋር ሳወራ ነው። ማሞ ወልዴን ሰምቶት አያውቅም። ልወቅሰው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔስ ማሞን የማውቀው እንዴት ነው? አበበ ያቋረጠውን ማራቶን ያሸነፈ ሰው ተብሎ። በሌላ ሰው ስም ላይ ተንጠልጥሎ ማለት ነው። እንዲህ ተንጠልጥለው የቀሩ ስንት አሉ? እስቲ አምጧቸው።

ይህን ለጥፌ ተኛሁ። ስነሳ የመልሶቹ ክር ረዝሞ ጠበቀኝ። ሁሉንም እዚህ መገልበጥ አይቻልም፤ ዋና ዋናውን በራሴ አባባል ልተርክላችሁ።

የመጀመሪያው መልስ ሕጌን አፍርሶ ጀመረ። አበበን አነሳ። ግን ሰበብ አላጣም። እናንተ የምታውቁት አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ ያበቃል፣ እኔ የማነሳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ባይ ነው። በ1969 የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። በ1970 ግን እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ዒላማ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በ1973 ሲሞት ዕድሜው 41 ነበር። ዓለም የአበበን እግር ሲያስታውስ እሱ እጁን እንደሚያስታውስ ጽፎ ጨረሰ። ምን እላለሁ? ሕጌን ዋጥ አደረግኩ።

ቁጥር 2 በጣም ጨዋ ነበር። አመስግኖ አንዲት ነገር ብቻ አቃና። ቁጥር 1 አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ በሳምንቱ ቶኪዮ ላይ ሮጠ ብሎ ነበር። ሳምንት ሳይሆን አምስት ሳምንት ገደማ ነው። ያም ቢሆን ለማራቶን ያስፈራል። በዚያ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ሰበረ፤ ከዚያም ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ።

ቁጥር 3 ወደ ማሞ መለሰን። እኔ ያነሳሁትን ስም ይዞ የማላውቀውን ጨመረልኝ። ማሞ መጀመሪያ ኦሎምፒክ የሄደው በ1956 ሜልቦርን ነው፤ የሮጠውም 800 እና 1500 ሜትር ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትር ብር አገኘ፤ በሳምንቱ ደግሞ ማራቶኑን አሸነፈ፣ ተከታዩን ሦስት ደቂቃ ያህል ጥሎ። በ1972 ሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ ማራቶን ላይ ነሐስ ጨመረ። ከ800 ሜትር ተነስቶ ማራቶን የደረሰ ሰው ነው። ቁጥር 3 የጠየቀው ጥያቄ ለእኔ ከመነሻዬ ይበልጣል፦ ይህ ሁሉ እያለ ሰውየው ለምን ‘አበበ ሲያቋርጥ’ በሚል ይጀምራል?

ከዚያ ጠብ መጣ። ቁጥር 4 ስለ ሮም ትንሽ ነገር ልጨምር ብሎ አበበ ያሸነፈው በ1952 ጳጉሜ 5፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ እንደነበር ጻፈ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። ቁጥር 5 ግን ደስ አላለውም። በ1952 ኦሎምፒክ የነበረው ሄልሲንኪ እንጂ ሮም አይደለም፣ ጀግናውም የቼኮዝሎቫኪያው ሯጭ ዛቶፔክ ነው፣ ሰው ከመጻፉ በፊት ያንብብ ብሎ ወረደበት። ቁጥር 6 ገላጋይ ሆኖ ገባ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓውያን ነው የጻፈው፤ የእኛው 1952 ማለቂያ የእነሱ መስከረም 1960 ነው ብሎ አስታረቀ። ቁጥር 4 ሳቀ። ቁጥር 5 ይቅርታ አልጠየቀም። (ከዚህ በፊትም በኋላም እኔ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን ነው፤ ጠብ አልፈልግም።)

ይቅርታውን በሌላ መንገድ ሳይከፍል አልቀረም እንጂ። ቁጥር 7 ብሎ ተመልሶ የዛቶፔክን ታሪክ ተረከ፤ በክሩ ውስጥ ከተጻፉት እኔ የምወደው እሱን ነው። ኤሚል ዛቶፔክ ሄልሲንኪ ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትርን አሸነፈ። ከዚያ በሕይወቱ ሮጦት የማያውቀውን ማራቶን ተመዝግቦ እሱንም አሸነፈ። እስከዚህ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ቁጥር 5 የፈለገው ግን ዛቶፔክን አልነበረም፤ ሮን ክላርክን ነው። አውስትራሊያዊው ክላርክ ከአሥራ አምስት በላይ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። የኦሎምፒክ ወርቅ ግን አንድም የለውም። ያለችው ከቶኪዮ የመጣች አንዲት ነሐስ ናት። በ1966 ፕራግ ሄዶ ዛቶፔክን ጎበኘው። ሲሰናበቱ ዛቶፔክ አንዲት ትንሽ ጥቅል እጁ ውስጥ ሸጎጠለት። ክላርክ አውሮፕላን ውስጥ ሲከፍታት ከሄልሲንኪ ወርቆች አንዷ ነበረች። የ10,000 ሜትሯ።

ቁጥር 5 እዚህ ላይ ወደ ቁጥር 3 አጣቀሰ። ክላርክ ከሁለት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ያንኑ 10,000 ሮጠ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ናት። ስድስተኛ ገብቶ መሬት ላይ ተዘረረ፤ ሐኪሞች ኦክስጅን ሰጡት። ማሞ ብር ያገኘበት ውድድር ይኸው ነው። እኔ ሁለቱን በአንድ መም ላይ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። አንዱን በሌላ ሰው ውድድር የምናስታውሰው፣ ሌላው የሌላ ሰው ወርቅ ኪሱ ውስጥ ያለ።

ቁጥር 8 የዛቶፔክ ስም በ‘ፔ’ ነው በ‘ፐ’ ብሎ ጠየቀ። እለፉት።

ኳስ የመጣው በቁጥር 9 ነው። ጋሪንቻ። ሁለት እግሮቹ ወደ አንድ ጎን የጎበጡ፣ አንዱም ከሌላው ያጠረ ሰው። በ1962 የዓለም ዋንጫ ፔሌ በሁለተኛው ጨዋታ ተጎድቶ ሲወጣ ብራዚልን ተሸክሞ ለዋንጫ ያበቃት እሱ ነው። ፔሌና ጋሪንቻ አብረው በተሰለፉበት ጨዋታ ብራዚል ተሸንፋ አታውቅም። ቁጥር 10 በዚህ ከተስማማ በኋላ ትንሽ ጎነጠ አደረገ። በ1962 እያላችሁ ብራዚል ድረስ ምን አስኬዳችሁ አለ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ አንስታለች። በፍጻሜው ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ፣ ሁለቴም እኩል ተሆኖ፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል አስቆጠረ፤ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፤ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን። ቁጥር 10 የሚያማርረው መንግሥቱን ብዙ ሰው ሲያውቅ የሉቺያኖን ስም የሚያውቅ ማነሱን ነው። ያኔ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው እኮ እሱ ነው።

ቁጥር 11 ያንን ቡድን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው ተጫዋች እንደነበሩ አስታወሰ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ከ1972 እስከ ሞቱበት 1987 መርተዋል፤ ስለዚህ ሰው የሚያውቃቸው በከረባት ነው፣ በማሊያ የሚያስታውሳቸው የለም።

12 እና 13 አጫጭር ናቸው። አንዱ ፈረንሳዊውን ጀስት ፎንቴንን ጠቀሰ፦ በ1958 የዓለም ዋንጫ በስድስት ጨዋታ 13 ጎል፣ ያውም በተዋሰው ጫማ። እግሩ ደጋግሞ ተሰብሮ በ28 ዓመቱ ኳስ አቆመ። ሌላው የሶቪየቱን ሌቭ ያሺንን፦ የወርቅ ኳስ የተሸለመ ብቸኛው ግብ ጠባቂ፣ ከዚያ በፊት በበረዶ ሆኪም በረኛ የነበረ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታችን ጥሩ ነበር። ቁጥር 14 ግን ጠረጴዛውን መታችው። አሥራ ሦስት መልስ ቆጠርኩ፣ አንዲት ሴት የለችበትም አለች። ስፖርተኛ ስትሉ ወንድ ማለታችሁ ከሆነ ርዕሱን አስተካክሉ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ከሕጉ ውጪ ያደረግኳቸው አራቱም ወንዶች እንደሆኑ ያየሁት ያኔ ነው። አላስተዋልኩትም ብል ማን ያምነኛል።

እሷ ያመጣችው ፋኒ ብላንከርስ-ኩንን ነው። ሆላንዳዊት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ 30 ዓመቷ። ብዙዎች አርጅታለች፣ ቤቷ ትቀመጥ ይሏት ነበር። በ1948 ለንደን ላይ አራት ወርቅ ወሰደች። በ1936 በርሊን ላይ፣ ገና ወጣት ሳለች፣ ጄሲ ኦውንስን አግኝታ ፊርማውን ተቀብላው ነበር። አራት ወርቅ ያገኘው ኦውንስ የሁሉም አፍ ላይ ነው፤ አራት ወርቅ ያገኘችውን እሷን ስንቱ ያውቃታል?

ቁጥር 15 ለመከላከል ሞከረ። በዚያ ዘመን የሚወዳደሩ ሴቶች ጥቂት ስለነበሩ ነው፣ ማንም ሆን ብሎ አልረሳቸውም አለ። በ16 ተመልሳ ስትመጣ ቃላቶቿ ስለት ነበራቸው። ጥቂት የሆኑት ስላልተፈቀደላቸው ነው። በ1928 ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ፤ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ደክመው የወደቁ አሉ ተብሎ ርቀቱ እስከ 1960 ከኦሎምፒክ ወጣ። ክላርክ ሲወድቅ 10,000 ሜትር ተሰረዘ ወይ? ይህችን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ዞር ዞር አልኩ። የሴቶች ማራቶንማ ኦሎምፒክ የገባው በ1984 ነው። ቁጥር 15 ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ቁጥር 17 ነገሩን አበረደ፤ ከሷም ጎን ቆመ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትርን አሸንፋ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ነጭ ሯጭ ከኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ዞሩ። ይህን ምስል ሁሉም ያውቀዋል። እሱ የሚለው ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ በዚያ ምስል ጥላ ሥር ቀርታለች ነው። በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት። ቦስተንን ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። ዳሩ ፎቶዋ ብቻዋን የተነሳችው ነው፤ እጅ የያዛት የለም። ማራቶን እንደዚያ ነው።

ከ18 እስከ 21 ያለው የምሩጽ ይፍጠር ነው። ማርሽ ቀያሪው ሲባል ሁሉም ያውቀዋል፤ 1980 ሞስኮ፣ 5,000 እና 10,000፣ መጨረሻዋ 300 ሜትር ላይ ሲነሳ። ቁጥር 18 ያነሳው ሙኒክን ነው። በ1972 በ10,000 ነሐስ ካገኘ በኋላ 5,000ውን ሳይሮጥ ቀረ፤ ሰዓቱ አለፈበት። የቀረበትን ምክንያት እያንዳንዱ ሰው የተለያየ አድርጎ ነው የሚተርከው፤ በክሩ ውስጥ ብቻ ሦስት ዓይነት ተነገረ። ከዚያ የ1976ቷ ሞንትሪያል ቀረች፤ ኢትዮጵያ አልሄደችም። ስለዚህ የሞስኮው ድል የስምንት ዓመት ቁጭት ነው። ቁጥር 19 እዚህ ላይ ሊነካ የማይገባውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ለመሆኑ ዕድሜው ስንት ነበር? ቁጥር 20 ተናደደ። ለነጭ ጋዜጠኛ ስለ ዶሮና በግ በቀልድ መልሶ ያለፈውን እኛ ልንመረምረው ነው? በ21 የመጡት ሰው በአነጋገራቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ይሮጡ እንደነበር ጽፈዋል። በከሰል አሸዋ መም ላይ ሮጦ የሚያውቅ ሰው ዕድሜ አይቆጥርም፣ ጉልበቱን ነው የሚቆጥር አሉ። አሸዋው ዝናብ ሲነካው ጫማ እንዴት እንደሚይዝ፣ ከውድድር በኋላ ከጉልበት ላይ እንዴት እንደሚለቀም ሲተርኩ ዕድሜው ተረሳ። እንዲህ ያለ ሰው ለእያንዳንዱ ክር ቢታደል።

ቁጥር 22 በላይነህ ዲንሳሞን አመጣ፤ እኔ ለራሴ ደብቄ የያዝኩት ስም ስለነበር ቀናሁ። በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። ክብረ ወሰኑ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ፤ የሰበረው ብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ ነው፣ በ1998 በርሊን። አሥር ዓመት የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ መሆን ቀላል አይደለም። ግን በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ሴኡል አልሄደችም። ቁጥር 23 ቀጠለበት፦ 1976፣ 1984፣ 1988። ሦስት ኦሎምፒክ። አንድ ትውልድ በሙሉ ጉልበቱ እንዳለ ቤቱ ተቀመጠ።

ቁጥር 24 ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰብን። ‘ቢሄድ ኖሮ’ ሜዳሊያ አይደለም፤ ቢሄድም ሊሸነፍ ይችል ነበር አለ። ትክክል ነው፤ ግን ሲነገር ያማል። ቁጥር 25 የመለሰለት ጥሩ አድርጎ ነው። ታንዛኒያዊው ፊልበርት ባይ በ1974 ክራይስትቸርች ላይ 1500 ሜትርን ከመነሻ እስከ መድረሻ መርቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር ከኋላው የነበረው የኒውዚላንዱ ጆን ዎከር ነው። ሞንትሪያል ላይ ሊገናኙ ነው ተብሎ ዓለም ሲጠብቅ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ተዉት። ምክንያቱ የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ መሄዱ ነበር። ዎከር ወርቁን ወሰደ። ቁጥር 25 የሚለው፣ ፊልበርት ባይ ያሸንፍ ነበር አልልም፤ ውድድሩ ነው የቀረብን። ኡጋንዳዊው ጆን አኪ-ቡዋም እንዲሁ። ሙኒክ ላይ በመጀመሪያው መስመር፣ በጠባቡ ኩርባ፣ 400 ሜትር መሰናክልን በ47.82 ሰከንድ ጨርሶ ከ48 በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሞንትሪያል ላይ ኤድዊን ሞሰስ ሲያሸንፍ እሱ አልነበረም።

ቁጥር 26 ተኳሽ ይዞ መጣ። (ተኩስም ቢሆን ያልኩት ለቀልድ ነበር።) ሀንጋሪያዊው ካሮሊ ታካች በ1938 ቀኝ እጁን ቦምብ አበላሸበት። በግራው መተኮስ ተማረና በ1948 እና በ1952 የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ባከነ። 27 ስለ ዘመኑ ባለ ወፍራም ሶል ጫማ ማውራት ጀመረ፤ 28 ደግሞ እኛ የምናስታውሰው ሯጮቹን ሳይሆን የስፖርት ጋዜጠኞቹን የሰለሞን ተሰማንና የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ነው አለ። ከርዕስ የወጣ ቢመስልም አልወጣም።

ቁጥር 29 እኔን ያዘኝ። ሁላችንንም አስለፈለፍክ፣ የራስህንስ? በላይነህ ተወስዶብኛል። 30 ላይ የጻፍኩት መሐመድ ከድርን ነው። ማድሪድ፣ 1981፣ የዓለም አገር አቋራጭ። ኢትዮጵያውያን ከፊት ተሰባስበው እየመሩ ነበር። የመጨረሻው ዙር መስሏቸው ፈትለክ አሉ። ጨረስን ብለው ሲቆሙ ገና አንድ ዙር ቀርቷል! ሌሎቹ አልፈዋቸው ሄዱ። ከድር እንደገና ተነስቶ፣ በዚያ በባከነ ጉልበት፣ አንድ በአንድ እያለፈ ሁለተኛ ገባ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ነው። ቡድኑ ግን ዋንጫውን አላስነጠቀም። እኔ ከብዙ ወርቅ ይልቅ ያችን የመጨረሻ ዙር ባያት እመርጣለሁ። ጨረስኩ ብሎ ከቆመ በኋላ መነሳት እንዴት ያለ ነገር ነው?

ቁጥር 31 ከድር ሞስኮ ላይ ምሩጽ ባሸነፈበት 10,000 ነሐስ እንዳለው ጨመረ። 32 አራተኛውም ኢትዮጵያዊ ነው፣ ቶሎሳ ቆቱ፣ ዝነኛውን ፊንላንዳዊ ላሴ ቪረንን አስከትሎ የገባ፣ ስለ እሱ ማን ይጽፋል አለ። ማንም አልጻፈም፤ አሁን እኔ ጻፍኩ። 33 ቁጥር 5 ነው፤ እንደ ልማዱ ሊያርመኝ መጣ። ታሪኩን ከግማሽ ቆርጠኸዋል አለኝ፤ ከድር በዓመቱ፣ በ1982፣ ሮም ላይ ያንኑ ውድድር አሸንፏል። አመሰገንኩት።

የመጨረሻው መልስ፣ ቁጥር 34፣ ከቁጥር 4 ነበር። ለቁጥር 5 ነው የጻፈው። 1982 ያልከው በየትኛው አቆጣጠር ነው ብሎ ጠይቆት ሄደ።